ከመጋዘን የወጣው በረኛ፦ ተራ ኮምፒውተር ራውተር የሆነበት ታሪክ



ሰሞኑን የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ አንድ ፍሎፒ ዲስክ አገኘሁ። በላዩ ላይ በገዛ እጄ «በር ነው፤ እንዳይነካ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ዛሬ ይህን ዲስክ የሚያነብ ኮምፒውተር በቤቴ የለም። ያም ሆኖ ይህች ከመዳፍ የማትበልጥ የፕላስቲክ ቁራጭ በአንድ ወቅት የአሥራ ሁለት ሰዎችን ደብዳቤ፣ ዜናና ናፍቆት ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም፣ ከዓለምም ወደ አዲስ አበባ ታመላልስ ነበር። ስለ እርሷ የምጽፈው ትዝታ ለመቀስቀስ ብቻ አይደለም። ከዚህች ዲስክ ጋር የተያያዘ፣ እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ አንድ ጥፋት አለብኝ። እርሱን ለመናዘዝ ግን አስቀድሜ የመሣሪያውን ታሪክ ማውሳት ይኖርብኛል።

የፕሮፎርማው ዋጋ

ዘመኑ 1996 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ በአንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ለማተሚያ ማሽን ሲባል በገመድ የተያያዙ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩን። ለኢንተርኔት የሚያገለግለው የስልክ መስመር ግን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ካለው ኮምፒውተር ጋር በሞደም ተገናኝቷል። ኢሜይሉን ማየት የሚፈልግ ሠራተኛ ስሙን በደብተር ላይ አስፍሮ ተራውን ይጠብቃል። አለቆቻችን ደብተሩ አይመለከታቸውም ነበር፤ በመጡ ጊዜ ሁሉ የተቀመጠው ይነሣላቸዋል።

መፍትሔው «ራውተር» የሚባል ዕቃ መግዛት እንደሆነ ተነገረን። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ። ከቀረቡት ዋጋዎች ዝቅተኛው የእኔን የዓመት ደመወዝ ይበልጥ ስለነበር ጉዳዩ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ራውተር ማለት ለእኔም በዚያን ጊዜ የማይከፈት፣ የማይነካ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ፈረንጆች ብቻ የሚያውቁት ሣጥን ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ በውጭ ሀገር የሚኖር አንድ ወዳጄ ለዕረፍት ሲመጣ ነፃ ሶፍትዌሮች የታጨቁበት ሲዲ አመጣልኝ። ከእነዚህም መካከል በአንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ የሚያርፍና ማናቸውንም አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ራውተርነት የሚለውጥ ሊኑክስ አገኘሁ። ከመጋዘን አቧራ የጠጣ ፔንቲየም አወጣሁ። ሚሞሪው 16 ሜጋባይት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል። ከመርካቶ የተገዛ አንድ የኔትወርክ ካርድ ሰካሁበት፤ ሞደሙንም ከጀርባው አያያዝኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች በአንዲት የስልክ መስመር ኢንተርኔት ውስጥ ገቡ። እንደ ኤሊ ቢጎተትም ሠራ። ደብተሩም በዚያው ቀን ተጣለ።

ምሥጢሩ ምንድን ነው?

በኢንተርኔት የሚላክ ማናቸውም ነገር ፓኬት ወደሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፈላል። በእያንዳንዱ እሽግ ላይ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ ተጽፏል። የራውተር ሥራ በፖስታ ቤት ደብዳቤ ከሚለየው ሠራተኛ ሥራ አይለይም፤ አድራሻውን ያነባል፣ መዝገቡን ያያል፣ በየትኛው በር መውጣት እንዳለበት ወስኖ ያሳልፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቢያንስ ሁለት በር፣ ጥቂት ሚሞሪና የሚመራው ፕሮግራም ነው። እነዚህን የማያሟላ ኮምፒውተር የለም።

አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ መስመር የሚጋሩበት ዘዴም እንዲሁ ቀላል ነው። ቴሌ የሚሰጠን አድራሻ አንድ ብቻ ነበር። ራውተሩ በውስጥ ያሉትን ኮምፒውተሮች የራሱን አድራሻ እያለበሰ ያስወጣቸዋል፤ መልሱ ሲመጣም የማን እንደሆነ ከማስታወሻው አይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። ይህ «የአድራሻ ትርጉም» የሚባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 በይፋ በሰነድ የወጣ ሲሆን፣ በሊኑክስ ዓለም «ማስከሬድ»፣ ማለትም ጭምብል ማጥለቅ፣ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር።

መጀመሪያም ኮምፒውተር ነበረ

የታሪኩ ትልቁ ምጸት እዚህ ላይ ነው። ያን ሰሞን ርካሽ መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ እንደተረዳሁት ግን እኔ ያደረግሁት ነገሩን ወደ ጥንቱ መመለስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 አርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ኮምፒውተሮችን ለማገናኘት ሲነሣ ሥራውን ቦልት፣ ቤራኔክና ኒውማን ለተባለ የማሳቹሴትስ ድርጅት ሰጠ። በፍራንክ ኸርት የሚመራው ቡድን ማሽኑን ከባዶ አልፈጠረም። ዲዲፒ-516 የተባለውን፣ በገበያ ላይ የነበረ የሃኒዌል ኮምፒውተር ወስዶ በጠንካራ ብረት አስለበሰውና ፕሮግራም ጻፈለት። ሚሞሪው 24 ኪሎባይት ገደማ ነበር። ስሙንም «ኢምፕ» አሉት፤ የዛሬዎቹ ራውተሮች ሁሉ ቅድመ አያት እርሱ ነው። ዋጋው ርካሽ አልነበረም፤ ዓይነቱ ግን ለማንኛውም ሥራ የሚሸጥ ተራ ኮምፒውተር ነበር። በዚያ ዓመት ማብቂያ በአራት ቦታዎች አራት ኢምፖች ቆመው ይነጋገሩ ጀመር።

በዚያው ዓመት ሌላም፣ ከማሽኑ የማያንስ ነገር ተወለደ። ስቲቭ ክሮከር የተባለ ተማሪ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩባቸውን ደንቦች «የአስተያየት መጠየቂያ» በሚል ትሑት ርዕስ ይጽፍና ለሁሉም ያሰራጭ ጀመር። የኢንተርኔት ሕግጋት እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይወጣሉ፤ ማንም ያለ ክፍያ ያነባቸዋል። ሕጉ ለሁሉ የተገለጠ ባይሆን ኖሮ በመጋዘን ያረጀ ኮምፒውተር ከዓለም ጋር ቋንቋ ሊገጥም ባልቻለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅት ታላላቅ የስሌት ማዕከሎችን የሚያገናኝ አውታር ሲዘረጋም መንገዱን የመሩት «ፈዝቦል» የተባሉ ራውተሮች ነበሩ። እነዚህም ዴቪድ ሚልስ በጻፈው ፕሮግራም የሚሠሩ አነስተኛ የዲጂታል ኩባንያ ኮምፒውተሮች ናቸው። የዚህ ታላቅ አውታር ፍጥነት በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቁጥር አስተውል፤ በእኛ መሥሪያ ቤት ሞደም ጀርባ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ይኸው ነበር! አውታሩ እ.ኤ.አ. በ1988 ወደ 1.5 ሜጋቢት ሲያድግም ሥራውን የተረከቡት «አርቲ» የተባሉ የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ናቸው።

ሣጥኑ ሲታሸግ

ታዲያ ይህ ተራ ማሽን እንዴት የማይነካ ሣጥን ሆነ? በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዊሊያም ዬገር የተባለ ባለሙያ የተለያዩ አውታሮችን የሚያስማማ ፕሮግራም ጽፎ ነበር። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ሌናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር እ.ኤ.አ. በ1984 ሲስኮ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተወለደው ሥራ ለገበያ ቀረበ፤ ከውዝግብ በኋላም ስታንፎርድ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈቃዱን ለኩባንያው ሰጠ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ሲስኮ ለአጭር ጊዜ በዓለም ከፍተኛ የገበያ ዋጋ ያለው ኩባንያ ሆኖ ነበር።

ሚዛናዊ መሆን ይገባል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ብዙ በሮች አሉት፤ ለዓመታት ሳይጠፋ ይሠራል፤ በልዩ ቺፕስ ስለሚታገዝ ተራ ኮምፒውተር በዚያን ጊዜ ያልደረሰበትን ፍጥነት ይሰጣል። የአንድን ሀገር አውታር በፔንቲየም እንምራ የሚል ቢኖር ቀልደኛ ነው። ችግሩ የሚመጣው ለታላቁ መንገድ የተሠራው ዋጋና ምሥጢር አሥራ ሁለት ሰዎች ባሉበት ቤት በር ላይም ሲጫን ነው። ገዢው ሣጥኑን ይገዛል እንጂ ዕውቀቱን አይገዛም፤ ሲበላሽም፣ ሲያረጅም ተመልሶ ወደ ሻጩ ነው።

ከታች የመጣው መንገድ

ሻጮቹ ወደ ላይ ሲወጡ፣ ገንዘብ የሌላቸው ደግሞ ከታች ሌላ መንገድ ይቆፍሩ ነበር። ፊል ካርን የተባለ አሜሪካዊ የሬዲዮ አማተር በ1980ዎቹ አጋማሽ በጥሪ ምልክቱ የሰየመውን ኬኤ9ኪው የተባለ ፕሮግራም ለትናንሽ ኮምፒውተሮች ጻፈ፤ ይህም በዶስ የሚሠራ ተራ ማሽን ፓኬት እንዲያመላልስ አስቻለ። በዚያው አሥርት ማብቂያ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ «ፒሲራውት» የተባለ ፕሮግራም ወጣ፤ የመጀመሪያው ዓይነት የአይቢኤም ፒሲ እንኳ ሁለት የኔትወርክ ካርዶች ከተሰኩበት ራውተር ይሆናል። ገንዘብ ያጠራቸው ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ዓይነቱን ማሽን በየሕንፃቸው አቆሙ።

እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለቀቀ። በዚያው አሥርት መገባደጃ ላይ ዴቭ ሲኔጅ የመራው «የሊኑክስ ራውተር ፕሮጀክት» ሙሉ ራውተርን 1.44 ሜጋባይት በምትይዝ አንዲት ፍሎፒ ዲስክ ላይ አሳረፈው። ማሽኑ ሲነሣ ዲስኳን አንብቦ ሁሉንም ወደ ሚሞሪ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ዲስኳን አይፈልጋትም። መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ሃርድ ዲስክ በሚበላሽበት እንደኛ ባለ ከተማ የዚህን ጥቅም መናገር አያሻም። መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል፤ ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቀናኝ ግን የላትቪያ ታሪክ ነው። ላትቪያ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃነቷን የመለሰች፣ የሕዝቧ ብዛት ከአዲስ አበባ ሕዝብ የማይበልጥ ትንሽ ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1996 በዋና ከተማዋ በሪጋ ማይክሮቲክ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ። ጀማሪዎቹ ፋብሪካ አልነበራቸውም፤ ያደረጉት ነገር ተራ ፒሲን ወደ ራውተርነት የሚለውጥ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ሣጥኑን ከመግዛት ይልቅ የሣጥኑን ዕውቀት ያዙ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2002 የራሳቸውን መሣሪያ ማምረት ጀመሩ። ዛሬ የዚያች ትንሽ ሀገር ራውተሮች በመላው ዓለም ይሸጣሉ። እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር የቴሌኮም ስምምነት ተፈራረምን። መስመሩ ያስፈልገን ነበር፤ አልክድም። ይሁንና ከተከፈለው ገንዘብ ስንቱ ዕቃ፣ ስንቱስ ዕውቀት ሆኖ ቀረልን? ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ይመስለኛል።

በሀገራችን ጅማሬው እንዲህ አልነበረም። ቴሌ የኢንተርኔት አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ ፊዶኔት በተባለው ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። ዕቃው ተራ ፒሲ፣ ሞደምና የስልክ መስመር ነው። ደብዳቤዎቹ ቀን ይጠራቀማሉ፤ ማሽኑ ወደ ውጭ ደውሎ የሰበሰበውን ይሰጣል፣ የመጣለትን ይቀበላል። የሀገራችን የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ የተጀመረው በሚሊዮን ዶላር ሣጥን ሳይሆን ሰዎች በሚያውቁትና በሚከፍቱት ማሽን እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

በረኛው

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልመለስ።

ፍሎፒው በሠራ በዓመቱ ገደማ ሌላ ብልኃት ጨመርሁ። ብዙዎቻችን የምንከፍተው ያንኑ ገጽ ስለነበር ለአሮጌው ፔንቲየም ሃርድ ዲስክ ፈልጌ «ስኩዊድ» የተባለውን ፕሮግራም ጫንሁበት። ይህ ፕሮግራም አንዱ የከፈተውን ገጽ አስቀምጦ ለሁለተኛው ከቅርብ ይሰጠዋል፤ መስመሩም ይቀልለታል። ነገር ግን ሌላም ሥራ አለው፤ የትኛው ኮምፒውተር በስንት ሰዓት የትኛውን ገጽ እንደከፈተ በመዝገብ ያሰፍራል።

የ1997 ዓ.ም. ምርጫ መጣ። የዚያን ሰሞን ሁኔታ ለአንባቢ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ቢሮአቸው አስጠሩኝ። በሩን ዘግተው በለሰለሰ ድምፅ «ማን ምን እንደሚያነብ ማወቅ ይቻላል አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የሙያ ኩራት ይሁን ፍርሃት ዛሬም ድረስ ለይቼ አላውቀውም፤ «አዎን፣ ይቻላል» አልኩ። የአንድ ሳምንት መዝገብ አትሜ ሰጠኋቸው።

በማግስቱ ከጎኔ የሚቀመጥ አንድ ባልደረባዬ ተጠራ። በውጭ ሀገር የሚታተሙ የተቃዋሚዎች ድረ ገጾችን አዘውትሮ ያነብ ነበር። ምን እንደተባለ አልነገረኝም። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት አልከፈተም። ወሩ ሳያልቅ ሥራውን ለቀቀ። ስሙን ማን እንደሰጠ ያወቀ አይመስለኝም፤ ይህ ደግሞ ይብስብኛል። በመጨረሻው ቀን ሲሰናበተኝ «ወንድሜ፣ በኢንተርኔቱ አስለምደኸን ነበር» አለኝ፤ በምስጋና ቃና።

በዚያ ሌሊት መዝገቡን አጠፋሁ፤ ፕሮግራሙም ዳግመኛ እንዳይመዘግብ አደረግሁ። ለአለቃዬም የዲስኩ ቦታ ስለጠበበ መዝገብ መያዝ እንደማይቻል ነገርኳቸው። እውነቱን ፊት ለፊት የመናገር ድፍረት አልነበረኝም። ቀጥሎም ለቀሩት ባልደረቦቼ በምሳ ሰዓት ማሽኑን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ እሽጎቹ በየት እንደሚገቡ፣ በየት እንደሚወጡ፣ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ማየት እንደሚችል አስረዳሁ። ይህን ቀድሜ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ሲቀመጥ ማን እንደሚያየው ባወቀ ነበር።

ቁልፉ የማን ነው?

በዚያው ሰሞን ከቢሮአችን በር እጅግ የሚበልጥ ሌላ በር ተዘጋ። በ1997 ዓ.ም. ሰኔ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት በመላ ሀገሪቱ ተቋረጠ፤ የተመለሰውም ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላም ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሥራ እስከጀመረበት እስከ 2022 ድረስ የሀገሪቱ መንገድ ሁሉ በአንድ ተቋም እጅ ነበር። ዋናው በር ሲዘጋ በመጋዘን የተገኘው ፔንቲየም ምንም አይፈይድም፤ አሥራ ሁለታችንም እኩል እንታፈናለን። ርካሽ ራውተር ነፃነት አይደለም፤ ነፃነት ነው የሚል ካለ አላዋቂ ነው ወይም ሻጭ ነው።

ታዲያ የዚህ ሁሉ ታሪክ ፋይዳው ምንድን ነው? ለእኔ አንድ ነገር ነው። ራውተር የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሰው የጻፈው ፕሮግራም የሚመራው ኮምፒውተር ነው። «መስመሩ እምቢ አለ»፣ «ሲስተሙ ዘጋው» የሚባል ነገር የለም። እሽጉ ካላለፈ እንዳያልፍ የወሰነ ወይም ማሳለፍ ያልቻለ ሰው አለ። መዝገብ ከተያዘም እንዲያዝ ያዘዘ ሰው አለ። ሣጥኑን አንድ ጊዜ ከፍቶ ያየ ሰው ይህን ስለሚያውቅ «ማን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ያላየው ግን «ምን ሆነ?» ብሎ ይቀራል። እኔ ሣጥኑን ከፈትሁ፤ ነገር ግን ያ «ማን» አንድ ቀን እኔው እንደምሆን አላሰብሁም ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂላችን ለታላላቆቹ ሹማምንት ብቻ ይመስለናል፤ የአንዲት ቢሮ በረኝነት እንኳ ሥልጣን እንደሆነና ሰው እንደሚያስበላ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። በሃምሳ ዶላር የሚገዛ ትንሽ ሣጥን የያኔውን ፔንቲየም አሥር እጥፍ ያስከነዳል፤ መብራትም እንደ አሮጌው አይፈጅም። ታላላቆቹ ኩባንያዎችም ወደ ጥንቱ እየተመለሱ ነው፤ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 «ዌጅ» የተባለውን የአውታር መሣሪያ ሲያስተዋውቅ ውስጡ የተቀመጠው እንደ ተራ ሰርቨር የሚሠራ ኮምፒውተር ነበር። ነፃ የራውተር ሶፍትዌሮችም በዝተዋል። ማንኛውም ተማሪ አሮጌ ኮምፒውተርና ሁለት የኔትወርክ ካርድ ካገኘ እኔ በሦስት ሌሊት የደከምሁበትን በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ልጆቻችንን ወደ ኮምፒውተር ቤተ ሙከራ ስናስገባ ሣጥኑን እንዲከፍቱት ብንፈቅድላቸው ምን ይጎዳናል?

ፍሎፒዋን አልጣልኳትም። ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ፣ በዓይኔ ትይዩ አኑሬያታለሁ። «በር ነው፤ እንዳይነካ» ብዬ የጻፍሁት ግን ስሕተት ስለነበር የመጨረሻውን ቃል ሰርዤዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።